በደሴ ተዳፋት ላይ የሠራነው ባለ ሦስት እርከን ግቢ፦ ከ14 ወር በኋላ

ደሴ ላይ ሜዳ ግቢ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። የእኛ ግቢ ከማዕድ ቤቱ በር እስከ ታችኛው አጥር 11 ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች ርቀት 1.6 ሜትር ይወርዳል። ረከቦት የሚቆምበት ቦታ ስላልነበረው እማዬ ለዓመታት ቡናዋን ቤት ውስጥ ነው ያፈላችው። ባለፈው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ ግቢውን በሦስት እርከን ከፍለን ጨረስን። ላይኛው ከማዕድ ቤቱ ወለል ጋር እኩል የሆነ የጣውላ በረንዳ ነው፤ መካከለኛው በድንጋይ የተነጠፈ መቀመጫ፤ ታችኛው ደግሞ ጌሾው፣ ጤና አዳሙና የኮክ ዛፉ ያሉበት አፈር። አንድ ሙሉ ክረምት አሳልፈንበት አሁን ሁለተኛው ላይ ነን።

ከሁሉ የጠቀመን አንድ ድንጋይ ሳናነሣ የበልጉን ዝናብ መታዘባችን ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ በዘነበ ቁጥር ጃንጥላ ይዤ እየወጣሁ ውሃው የሚሄድበትን በችካል ምልክት አደርግ ነበር። መጀመሪያ ወረቀት ላይ የሣልኩት ንድፍ ደረጃውን በግቢው መሃል የሚያወርድ ነበር። ችካሎቹን ስከተል ጎርፉም የሚወርደው በዚያው በመሃል ሆኖ አገኘሁት፤ ደረጃውን ወደ ግራ አዛወርነው። እርከኖቹን የሚይዘውን የድንጋይ ካብ መሠረት ስንቆፍር ደግሞ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት መጥተው አዩና «ልጄ፣ እዚች ጋ እኮ ነሐሴ ላይ ውሃ ይመነጫል» አሉኝ። ግንበኛው አልተዋጠለትም። እኔ ግን እኚህ አባት ሰፈሩን ከእኛ በፊት የሚያውቁ ናቸውና ቃላቸውን ይዤ ከካቡ ጀርባ 30 ሳንቲሜትር ያህል ጠጠር አስሞላሁ፤ ከግርጌው ላይም በየአንድ ሜትር ተኩሉ የፒቪሲ ማስተንፈሻ ቱቦ አስገባን። አምና ነሐሴ ከሦስተኛው ቱቦ ለሁለት ሳምንት ሌት ተቀን ውሃ ወረደ። አፈራችን ጥቁር ሸክላ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውሃው መውጫ ቢያጣ ኖሮ ካቡን ገፍቶ ይጥለው ነበር። እስከ ዛሬ አንድ ስንጥቅ አላየሁበትም።

መካከለኛውን የሲሚንቶ ሊሾ እናድርገው ተብሎ ነበር። እኔ ድንጋዩ አሸዋ ላይ ይነጠፍ ብዬ ጸናሁ፤ ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲሜትር ዝቅ እያለ ከቤቱ ወደ ቦዩ እንዲያፈስስ አደረግነው። ክረምቱ ሲወጣ ሁለት ቦታ ላይ ሰመጠ። ድንጋዩን አንሥተን፣ አሸዋ ጨምረን መልሰን ለማንጠፍ ግማሽ ቀን በቃን። ሊሾ ቢሆን ሰብሮ ከማውጣት ሌላ መላ አልነበረውም።

በረንዳው ግን አሳዝኖኛል። ጣውላው ባሕር ዛፍ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ እንድረስ ብለን እርጥቡን መታነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደረቁ ነፋስ ሲመጣ ሰባት ጣውላ ተጣሞ ሚስማሩን ይዞ ተነሣ። ሌላ ጣውላ ገዝተን፣ ጥላ ሥር በመሃሉ አየር እንዲገባ ደርድረን ሦስት ወር አደረቅነው። ከዚያ በሚስማር ፋንታ በረንዳውን ከተሸከመው የብረት ቱቦላሬ ጋር በብሎን አሰርነው፤ በየመሃሉም ውሃ እንዲወርድ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ተውን። ከዚያ ወዲህ የተነሣ የለም። የቱቦላሬው እግሮች ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ከፍ ባለ ኮንክሪት ላይ ስለቆሙ ምስጥ ወደ ጣውላው አልወጣም። ብየዳው ላይ ግን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሳይቀባ የቀረበት ቦታ ሁሉ ዝጓል፤ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን እንደገና ቀባነው።

የበረንዳውን ስፋትም ሲሠራ አሳንሰነዋል፤ 2 ሜትር ብቻ ነው። ቄጠማ ተጎዝጉዞ ረከቦቱ ከተዘረጋ በኋላ ከማዕድ ቤት የሚወጣ ሰው ማለፊያ የለውም። እንደገና ቢሠራ ከታችኛው እርከን አንድ ሜትር ወስጄ ለእሱ እሰጠው ነበር። ከከሰል ምድጃው የተፈናጠረ ፍም ጣውላውን ካቃጠለው በኋላ ደግሞ ቡናው ጭራሽ ወደ መካከለኛው ወረደ፤ አሁን የቤቱ ሰው ሁሉ የሚውለው እዚያ ነው። ጎረቤት ተጠርቶ፣ አቦልና ቶና ተጠጥቶ፣ በረካው ላይ ዱዓው የሚደረገውም እዚያው ነው። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባብን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይበርዳል፤ ጋቢ ይዞ መውረድ ያስፈልጋል።

ደረጃው የኔ ጥፋት ነው። እያንዳንዱ እርከን 80 ሳንቲሜትር ስለሚወርድ እያንዳንዳቸው 16 ሳንቲሜትር የሆኑ አምስት ከፍታዎች፣ ለእግር ደግሞ 30 ሳንቲሜትር መርገጫ አስበን ነበር። የከፍታው እጥፍና መርገጫው ሲደመሩ ከ60 እስከ 64 ሳንቲሜትር ከሆኑ እግር ሳይቸገር ይወጣል፤ የእኛ 62 ይመጣል። ይሁን እንጂ ከመካከለኛው ወደ ታችኛው የሚወስደው ደረጃ የመጨረሻ ከፍታ 21 ሆኖ ሲሠራ አልለካሁትም። በሦስተኛው ሳምንት እማዬ ጤና አዳም ልትቆርጥ ስትወርድ እዚያች ላይ ተደናቅፋ በጉልበቷ ወደቀች። አጥንቷ አልተነካም፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ልቤ ይደነግጣል። ደረጃውን በማግሥቱ አፍርሰን በልኩ አሠራነው። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ወደ ታችኛው አትወርድም።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ በያጁ መጥቶ ከላይ እስከ ታች 90 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው የእጅ መደገፊያ ይሠራል። ቱቦላሬው ተገዝቷል፤ አንቲረስቱን በዚህ ሳምንት ራሴ ቀባሁት።