የማይነጥቁበት መንጠቆ፦ ከሰባት ወር በኋላ

እናቴ ያን ቀን ባትደውልልኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በንዴት ነበር የምጽፈው።

ኅዳር ላይ ነው። ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ አሥር ፍሬ ክብ መንጠቆ ገዛሁ። ክብ የምለው ጫፉ እንደለመድነው ቀጥ ብሎ የማይቆመውን፣ ወደ ውስጥ ወደ ራሱ እግር የሚዞረውን ነው። የንስር ጥፍር ይመስላል። ቁጥሩ 4/0፣ ከትልልቆቹ ነው። ሻጩ "ነፍስ ያለው ዓሣ ሰክተህ አምባዛ ለመያዝ ከዚህ የሚበልጥ የለም" አለኝ። አምባዛ ያ ጢም ያለው ዓሣ ነው። እውነቱን ነው። ግን የነገረኝ ግማሹን ነው። ቀሪውን ግማሽ ለማወቅ ሁለት ወርና ሦስት የጎርጎራ ደርሶ መልስ ፈጀብኝ።

ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቆላ ድባ በኩል ነው የሚኬደው። ጠዋት በጨለማ ተነስቼ፣ አቧራ ጠጥቼ፣ ጣና ዳር ደርሼ፣ ማታ ባዶ እጄን ስመለስ ደጅ ላይ የሚቀበለኝ ሁሉ ያው ጥያቄ ነው፦ "ዓሣውስ?" ሦስት ጊዜ "የለም" አልኩ። ሦስተኛው ላይ ታናሽ ወንድሜ "በዚህ ገንዘብ ተቆራርጦ የተጠረገውን ገዝተህ ትመጣ ነበር" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ችግሩ መነካት አልነበረም። ይነካል። ክሩ ይወጠራል፣ ዘንጉ ይጎብጣል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንደለመድኩት በሙሉ ኃይሌ እነጭቃለሁ። ከዚያ ምንም የለም። ለማባበያ የሰካኋት ትንሿ ዓሣ ተገሽልጣ ትወጣለች፣ መንጠቆው ንጹሕ ነው። አንድ ቀን አምስት ጊዜ ነክቶ አምስቱንም ሳትኩ። በልቤ ከሻጩ ጋር ስጣላ ዋልኩ። "ጫፉ እንዲህ ወደ ውስጥ ዞሮ በምን ሊወጋ ነው? አንተ ራስህ በዚህ ዓሣ ይዘህ ታውቃለህ?" እሱ ደግሞ በሐሳቤ ፈገግ ብሎ "ወንድሜ፣ ዕቃው ኦሪጅናል ነው" ይለኛል።

ጥር ላይ ለአራተኛ ጊዜ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ፓኬቱን ለአንድ ባለ ታንኳ ሰጥቼው ልገላገል ነበር ሐሳቤ። ዘንጉን ሁለት ድንጋይ መሀል አስደግፌ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። በርበሬ ስንት እንደገባ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደታጨች ትነግረኛለች። ዘንጉ ጎበጠ። አንዱ እጄ ስልክ ይዟል። እማዬን "ቆይ" ማለት ደግሞ አይቻልም። በሌላው እጄ ዘንጉ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ ብቻ ያዝኩትና "እሺ እማ፣ እሺ" እያልኩ ቀስ ብዬ ሳብኩ። አልነጨቅሁም። ክሩ እየከበደ ሄደ። ስልኩን ሳልዘጋ አንድ ክንድ የሚያህል አምባዛ ደረቁ ላይ ተጋደመ። መንጠቆው የት ነበር? አፉ ጥግ ላይ፣ ከንፈሩን ዞሮ፣ በሰው እጅ የተሰፋ ይመስል።

ያኔ ነው የገባኝ። የዚህ ዕቃ ስሙ ራሱ ያሳስታል። መንጠቆ ብለን ነው የምንጠራው፣ መንጠቅ ነው ሥራው። ይኼኛው ግን ከነጠቅህበት አይሠራም። ዓሣው ማባበያውን ይዞ ወደ ጉሮሮው ያስገባዋል። አንተ ቀስ ብለህ ስትስብ መንጠቆው ጉሮሮውን ሳይወጋ ተንሸራቶ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ጫፉ ወደ ውጭ አይመለከትም። አፉ ጥግ ሲደርስ ዓሣው ፊቱን ሲያዞር መንጠቆውም አብሮ ይዞርና ይሰካል። ከነጨቅከው ግን ሳይዞር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሁለት ወር ሙሉ ከአምባዛ አፍ ላይ መንጠቆ ሳወጣ የነበርኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ሻጩ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግረኝ ምን ነበረበት? "አትንጨቅ።" አንዲት ቃል ናት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ደጋግሜ ያየሁትን ልናገር። አሮጌው ቀጥ ያለው መንጠቆ ነፍስ ካለው ዓሣ ጋር ሲሆን ብዙ ጊዜ ይዋጣል። በተለይ ነጭ ዓሣ ላይ። የጣና ነጭ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። እዚህ ሐይቅ ላይ ብቻ 15 ያህል ዝርያ አለው፣ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ ይበላሉ። የያዘውን ለመፍጨት ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ መንጠቆውም አብሮ ይወርዳል። ትንሹን ልልቀቀው ስትል አንጀቱን ይዘህ ነው የምትጎትተው። ሆዴን የሚያባባኝ ነገር ነበር። በክቡ መንጠቆ ከጥር ወዲህ ከያዝኳቸው ውስጥ የዋጠው አንድ ብቻ ነው። ትንንሾቹን በፒንሳ ከከንፈራቸው ነቅዬ መልሼ እጥላለሁ፣ እየተወራጩ ይሄዳሉ።

አሰካኩ ላይም ተሳስቼ ነበር። መጀመሪያ ትንሿን ዓሣ ሙሉ በሙሉ መንጠቆው ላይ እሰፋት ነበር፣ እንዳታመልጥ ብዬ። እንዲህ ከሆነ የመንጠቆው ክፍተት በሥጋ ይሞላና ለትልቁ ዓሣ ከንፈር ቦታ አይኖረውም። አሁን የላይኛውን ከንፈሯን ብቻ እወጋለሁ። ውኃው ከተኛ ደግሞ ከጀርባ ክንፏ ፊት ለፊት ያለውን ቆዳ በስሱ። ጫፉ ውጭ መታየት አለበት። ዓሣዋ ረጅም ሰዓት ትዋኛለች፣ አምባዛውም የሚመጣው ለሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የምሰካትን ዓሣ እዚያው ጣና ላይ ይዤ እዚያው እጨርሳለሁ። የአንዱን ውኃ ዓሣ ተሸክሞ ሌላ ውኃ ውስጥ መድፋት ጥሩ አይደለም፣ ጎንደር አጠገብ ባለው አንገረብ ውኃ ላይ ይህን የሚያደርጉ ልጆችን አይቼ ተቆጥቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። መንጠቆው በጣም የሚይዘው እናቴ የማትበላውን ዓሣ ነው።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። እማዬ ደግሞ ዘሌዋውያንን በቃሏ ታውቃለች፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው ደጃፏን አያልፍም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ቤታችን ውስጥ ድሮ ተዘግቷል፣ ይበላል። ግን ቅርፊት ያለው ቀረሶ ነው የሚበላው። ቢቸግር ነጭ ዓሣ። የመጀመሪያዋን ታሪካዊ አምባዛ፣ በእሷ ስልክ የተያዘችውን፣ ይዤላት ስገባ ከበሩ መለሰችኝ። "ይቺን ለማን ነው የምታመጣት? ጢም ያላት ናት እኮ!" ጎረቤታችን ደስ ብሎት ወሰዳት። በሁዳዴም እንዲሁ። እኔ አምባዛ እይዛለሁ፣ ጎረቤት ይበላል፣ እኛ ቀረሶ ከገበያ እንገዛለን።

ቀረሶ በ4/0 አይያዝም። አፉ ትንሽ ነው፣ ምግቡም በአብዛኛው ውኃው ላይ የሚበቅለው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው፣ ዓሣ አሳድዶ አይበላም። ለእሱ ትንሽ መንጠቆና የምድር ትል ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የዚያው ሱቅ ሌላ ታሪክ አለ። መጀመሪያ ቀን "ትልቅ ቁጥር ስጠኝ" ስለው ቁጥር 8 ሰጥቶኝ ነበር። ቤት ገብቼ ስከፍተው የልጅ ጆሮ ጉትቻ የምታህል ነገር! ለካ የመንጠቆ ቁጥር የተገላቢጦሽ ነው። 12 ከ8 ያንሳል፣ 8 ከ1 ያንሳል። 1 ላይ ሲደርስ ይዞርና 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እያለ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆውም ያድጋል። ፋብሪካው ሲለያይ ደግሞ አንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ በዓይናችሁ እያችሁ ግዙ። እኔ ስመልስለት "የተከፈተ አንቀበልም" አለኝ። ያቺን የተናቀች ቁጥር 8 አሁን ለቀረሶ እና ለማባበያ የሚሆኑትን ትንንሾች ለመያዝ ነው የምጠቀምባት። እውነት ለመናገር እማዬን ያበላቻት እሷ ናት። የምመሰክረው ግን ለክቡ ነው። ምን ላድርግ፣ ልቤ እዚያ ነው።

ስለ ብረቱ ብዙ አልልም። ሹል ነው። ጥፍሬ ላይ ሳሳርፈው ሳይንሸራተት ይቆማል፣ እስካሁን ሞረድ አልነካውም። ጥቁሩ ቀለም ግን ሦስተኛው ወር ላይ ይላጥ ጀመር፣ ከሥሩም ዝገት ብቅ አለ። ጨዋማ ባሕር እኮ አይደለም፣ ጣና ነው። ጥፋቱ በከፊል የኔ ነው፣ እርጥቡን ጣሳ ውስጥ ዘግቼ አሳድረው ነበር። አሁን አድርቄ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት እቀባዋለሁ። አንዱን ደግሞ ወደ ኋላ የተቀለበሰችውን እሾኹን በፒንሳ ልደፍጥጥ ስል ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ጠንካራ ስለሆነም አይተጣጠፍም።

ከአሥሩ የቀሩኝ አራት ናቸው። አንዱ ተሰበረ። ሦስቱን ደንገልና የእንቦጭ ሥር በላቸው። እንቦጭ ከመጣ ወዲህ ዳር ላይ ቆሞ መጣል ራሱ ፈተና ነው። አንዱን ለባለ ታንኳው ሰጠሁት፣ ሳልነግረው ግን አልሰጠሁትም፦ "አያ፣ ሲነካ እንዳይነጭቁት።" ሳቁብኝ። በሳምንቱ ስመለስ ሁለተኛ ጠየቁኝ። እሱ ስድስተኛው ነው።

ክረምቱ እየመጣ ነው። ነጭ ዓሣ ከሐምሌ ጀምሮ እንቁላል ሊጥል ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣል፣ ያን ጊዜ እሱን መያዝ ዘሩን መቁረጥ ነው። ስለዚህ መንጠቆዎቼ ዘይት ተቀብተው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። እስከዚያ ድረስ ግንቦት ውስጥ አንድ ጉዞ ይቀረኛል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ የአክስቴ ልጅ አለ፣ በቁጥር 1 ክብ መንጠቆ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ። ለመካከለኛ ነጭ ዓሣ የሚሆን። ቅርፊት አለው፣ እማዬም አትመልሰኝም። እሷም እንዳትደውል ነግሬያታለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አሰብኩና "ደውይ ግን" አልኳት።