ከጅማ እስከ ዋታሙ፦ ለሙሉ ቀን ጀልባ ተከራይቶ ዓሣ ማጥመድ ያዋጣል?

መልሱን ባጭሩ ለሚፈልግ፦ ጉዞው በኅዳርና በመጋቢት መካከል ከሆነና ወጪውን የሚጋሩ ሦስት አራት ሰዎች ካሉ፣ ያዋጣል። በሐምሌ ከሆነ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ችግሩ ከጅማ የሚነሳ ቤተሰብ ረዘም ያለ ዕረፍት የሚያገኘው በክረምት መሆኑ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋና ዝናቡ ሲያይል «እስቲ ዘንድሮ ባሕር እንይ» ይባላል፤ ዋታሙ ያለችበት የኬንያ ጠረፍ ባሕር ደግሞ የሚከፋው ልክ በዚያን ሰሞን ነው።

ነገሩ የነፋስ ጉዳይ ነው። ጠረፉን ሁለት ነፋሶች ይፈራረቁበታል። ካስካዚ የሚሉት ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ከኅዳር ግድም እስከ መጋቢት ይነፍሳል፤ ውሃው ይጠራል፣ ማዕበሉ ይለዝባል፣ ትልልቆቹ ዓሦችም ወደ ጠረፉ ይቀርባሉ። ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ከሚያዝያ ማለቂያ ጀምሮ ይበረታና ባሕሩን ያናውጠዋል። በግንቦትና በሰኔ ብዙ ባለ ጀልባዎች ሥራ አቁመው ጀልባቸውን ለጥገና ከውሃ ያወጣሉ። በሐምሌ «ጀልባ አለ፣ ኑ» የሚል ሰው ካገኛችሁ ጀልባው ሊኖር ይችላል፤ ሪፉን (ከጠረፉ ፊት ያለውን የኮራል አለት) አልፎ ጥልቁ ጋ መድረሱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ሴይልፊሽ (ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ክንፍ ያለው ዓሣ) ለማግኘት የሚመረጠው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ እንደ እሱ አፈ ሾተል ለሆነው ለግዙፉ ማርሊን ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት። ቢጫ ክንፍ ያለው ቱና ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት በብዛት ስለሚገኝ፣ ከክረምት ውጪ ጊዜ የሌለው ሰው ቢያንስ ጉዞውን ወደ ጳጉሜ ቢገፋው ይሻለዋል። በቡና ሥራ ላይ ላለ ሰው ግን ኅዳርና ታኅሣሥ የማይታሰቡ ናቸው፤ ለቀማው፣ ማድረቂያው፣ ገበያው አይለቁትም። ለጅማ ሰው የሚስማማው ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መግቢያ ያለው ጊዜ ነው። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት ወደዚያው ስለተጠጋ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት አቆጣጠሩን ማየት ያስፈልጋል። ጾም ይዞ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ምድር ወገብ አጠገብ በፀሐይ ላይ መዋል ጀብድ አይደለም፤ ራስን መጉዳት ነው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። በዋታሙና በማሊንዲ የሚከራዩት የተለመዱት ጀልባዎች ከ30 እስከ 40 ጫማ ርዝመት ያላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የናፍጣ ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው። አንድ ካፒቴንና ሁለት ረዳቶች አብረው ይወጣሉ። ከኋላ በኩል የሚሽከረከርና እግር መደገፊያ ያለው ወንበር አለ፤ ከባድ ዓሣ የያዘ ሰው የሚታገለው እዚያ ተቀምጦ ነው። ግራና ቀኝ ወደ ውጪ የተዘረጉት ረጃጅም ዘንጎች ክሮቹ እንዳይጠላለፉ ያራርቋቸዋል። ጀልባው በሰዓት ከ6 እስከ 8 ኖት፣ ማለትም ከ11 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ አምስት ስድስት ክር ከኋላው ይጎትታል። መንጠቆው ላይ ወይ እውነተኛ ዓሣ ይሰካል፣ ወይ ውሃ ውስጥ አረፋ እያስነሳ የሚዋኝ የፕላስቲክ ማታለያ።

ግማሽ ቀን ይሻላል ወይስ ሙሉ ቀን? በዚህ ፍጥነት መሄጃውና መመለሻው ሲቀነስ ከአምስት ሰዓት ኪራይ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ትልቁ ዓሣ መቼ እንደሚነክስም አይታወቅም። ማርሊን ፈልጎ ግማሽ ቀን መከራየት ነዳጅ ማቃጠል ነው። ለልጆች፣ ወይም ባሕር ላይ ወጥቶ ለማያውቅ ሰው ግን ግማሹ ቀን ይበቃል፤ ከሪፉ ብዙ ሳይርቁ ኪንግፊሽና ትሬቫሊ ይገኛሉ። «ኖርዝ ኬንያ ባንክስ» ወደሚባለው ሩቅ ቦታ በአንድ ቀን እናደርሳችኋለን የሚል ካለ ጥርጣሬ ይግባችሁ፤ እዚያ የሚሄዱት በአብዛኛው ባሕር ላይ የሚያድሩ ጀልባዎች ናቸው።

ዋጋው የሚታሰበው በጀልባ ነው እንጂ በሰው አይደለም። በጀልባው መጠንና በወቅቱ እየተለያየ ከበርካታ መቶ ዶላር ይነሳና ለትልልቆቹ ከ1000 ዶላር ያልፋል። አራት ሰው በምቾት ይሠራል፤ ስድስት ሰው ሲጫን የሚያጠምዱት ሁለቱ ናቸው፣ የቀሩት ተመልካች። እዚህ አገልግሎት ላይ ቅሬታ የሚበዛውም ዓሣ በመጥፋቱ ሳይሆን በውሉ ነው። ባሕር ዳር ላይ እየዞሩ ጉዞ የሚሸጡ ደላሎች አሉ፤ «የግል» ብለው ሸጠው ጠዋት ላይ ሌላ እንግዳ አሳፍረው ይጠብቃሉ፣ ወይም በፎቶ ያሳዩት ጀልባ ቀርቶ ያነሰ ጀልባ ይመጣል። ስለዚህ ቀብድ ከመላኩ በፊት የጀልባው ስም፣ ርዝመቱ፣ የሞተሩ ብዛትና «ከእኛ ሌላ ሰው አይሳፈርም» የሚለው ቃል በጽሑፍ ይምጣ። የዋትስአፕ መልእክትም ይበቃል፤ ዋናው በእጅ መኖሩ ነው።

ነዳጅ፣ ማታለያና መንጠቆ፣ የማጥመጃ ፈቃድ ክፍያ፣ ምሳና ውሃ በዋጋው ውስጥ መሆናቸውን አንድ በአንድ ጠይቁ፤ «ሁሉም አለበት» የሚል መልስ አይበቃም። የማጥመጃ ዘንግ ቢሰበር ወይም ሪል (የክር መጠቅለያው) ባሕር ቢገባ ማን ይከፍላል? ካፒቴኑ በአየር ጠባይ ምክንያት ቢሰርዝ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል? ሞተር ቀን ላይ ቢበላሽስ? ዓሣ አለመያዝ ግን የትም ቢሆን ገንዘብ አያስመልስም፤ አያስመልስም ብሎም መቆጣት አይገባም።

አንድ ነገር ላይ በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሰዓት። ኬንያና እኛ የሰዓት ልዩነት የለንም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው። ለእንግዳ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይቀይራሉ። ስለዚህ «6 ሰዓት» የሚል መልእክት ከቢሮው ከመጣ ጠዋት 12 ሰዓት ማለት ነው፤ ረዳቱ በስዋሂሊ ስድስት ካለ ግን እኩለ ቀን ሊሆን ይችላል። «ፀሐይ ስትወጣ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገላግላል። ቀኑም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተጽፎ ይላክ፤ የካቲት 10 እና ፌብሩዋሪ 10 አንድ አይደሉም፣ ቀብድ የተከፈለበት ጀልባም ሳምንት አይጠብቅም።

መንገዱ ቀላል ነው። ከጅማ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ ወይም በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ሞምባሳ። ከሞምባሳ ዋታሙ በኪሊፊ በኩል በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መያዝ ነው፤ የከተማው መጨናነቅ ሲጨመር ሦስትም ይሆናል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን፤ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል። ሞምባሳ በደረሱ ማግስት ጠዋት ጀልባ መያዝ የተለመደ ስህተት ነው፤ አንዱ በረራ ከዘገየ ሁሉም ይበላሻል። አንድ ሙሉ ቀን ዋታሙ ዕረፉ፤ ከማጥመጃው ቀን በኋላም አንድ ባዶ ቀን ተዉ፤ ነፋስ ቢነሳ ቀኑ የሚገፋው ወደዚያ ነው።

የማጥመጃው ዕለት ጠዋት ጀልባው ወደብ ላይ ተደግፎ አይጠብቃችሁም። በዚህ ጠረፍ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በጨረቃ ሙሉና ባዶ ሰሞን አራት ሜትር ሊለያይ ስለሚችል፣ ትልቁ ጀልባ ራቅ ብሎ መልሕቅ ጥሎ ይቆማል። ወደ እሱ የምታሻግራችሁ ትንሽ ጀልባ ጋ ለመድረስ እስከ ጉልበት ውሃ ውስጥ መሄድ ይኖራል። ሱሪ ተጠቅልሎ፣ ጫማ ተይዞ፣ ስልክና ፓስፖርት ውሃ በማያስገባ ከረጢት ሆኖ ነው። መዋኘት የማይችል ሰው የሕይወት ጃኬቱን የሚያጠልቀው እዚህ ነው፤ ትልቁ ላይ ከወጣ በኋላ አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት ጃኬቶቹ በሰው ልክ መኖራቸውን ቁጠሩ፤ ሬዲዮው ሲሠራ አስደምጡን በሉ፤ የእሳት ማጥፊያውን በዓይናችሁ እዩ። ጥሩ ካፒቴን ይህን ስትጠይቁት ይደሰታል፤ ፊቱን የሚያጨማድድ ካለ ቀሪውንም ጠርጥሩ።

መውጫው ላይ የሚታለፈው የዋታሙ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 የተከለለ ነው፤ በውስጡ ክር መጣል ክልክል ነው። ረዳቶቹ ክር የማይጥሉት ሰንፈው አይደለም።

ዓሣ ሲነክስ የሚሆነውን አስቀድሞ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ክሩ ወደ ውጪ ከተዘረጋው ዘንግ ቅንጥብ ይላቀቃል፣ ሪሉ መጮኽ ይጀምራል፣ ረዳቱ የማጥመጃውን ዘንግ ነጥቆ ተራው ለደረሰው ሰው ይሰጣል። ተራው መርከብ ላይ ሳይሆን ከመውጣት በፊት በዕጣ ይለይ፤ ጓደኛሞች ሲጨቃጨቁ ዓሣው አይጠብቅም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የ50 ፓውንድ ዘንግ ነው፤ ክሩ የሚችለው 23 ኪሎ ያህል ነው ማለት ነው። የሪሉ ፍሬን የሚስተካከለው በዚህ ልክ ሩቡ እስከ ሲሶው ላይ፣ ማለትም ከ6 እስከ 7 ኪሎ ተኩል ድረስ ነው፤ ያስተካከለውም ረዳቱ ነው። ጀማሪ ዓሣው ክር ሲመዝዝበት ደንግጦ ፍሬኑን ያጠብቃል፤ ክሩም ያኔ ይበጠሳል። ይምዘዝ፤ ሲደክመው ይቆማል። ሲቆም ዘንጉን በቀስታ ወደ ላይ መሳብ፣ ዝቅ እያደረጉ መጠቅለል፣ እንደገና መሳብ። ወደ ላይ እየሳቡ መጠቅለል ክንድ ያዝላል እንጂ ክር አያስገባም። ክሩ ከላላ መንጠቆው ይወልቃል፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ከተነሳ ይሰበራል። ክሩን በጣት መንካት ቆዳ ይልጣል፤ ዓሣው ሲቀርብ የመጨረሻውን ወፍራም ክር የሚይዘው ጓንት ያጠለቀው ረዳት ብቻ ነው።

ሴይልፊሽና ማርሊን ተይዘው ይለቀቃሉ፤ የዚህ ጠረፍ ወግ ነው። መቀመጫው ዋታሙ የሆነው አፍሪካን ቢልፊሽ ፋውንዴሽን የሚያቀርበው ምልክት ከላይኛው ክንፍ አጠገብ ይሰካበትና ቦታው፣ ቀኑና መጠኑ ካርድ ላይ ይሞላል። ፎቶ የሚነሳው ዓሣው ጀልባው ጥግ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነው፤ አቅፌ ልነሳ ማለት ዓሣውን መግደል ነው፣ አፉ ላይ ያለው ሾተልም ሰው ይወጋል።

ማቅለሽለሽ ይህን ቀን ከሚያበላሹት ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። መድኃኒቱ የሚዋጠው ከመሳፈር አንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ አይቆይም። ለማቅለሽለሽ የሚወሰደው ፕሮሜታዚን እንቅልፍ ያመጣልና ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወይም እርጉዝ ፋርማሲስት ታማክር። በባዶ ሆድ አትውጡ፣ ቅቤ የጠገበ ነገርም አትብሉ፤ ደረቅ ቻፓቲና ሙዝ ይበቃል። የጅማ ሰው ፔርሙስ ቡናውን መተው ይከብደዋል፤ ቢሆንም ባዶ ሆድ ላይ ሦስት ሲኒ ጠጥቶ ጀልባ ላይ መውጣት ፍርዱ ፈጣን ነው። ጫት ቅሞ ሳይተኛ ያደረ ሰውማ ያን ቀን ባይወጣ ይመረጣል። ባሕር ላይ ከተወጣ በኋላ ስልክ ማየት ይቅር፤ ከሞተሩ ጭስ ራቅ ብሎ መካከል ላይ ቆሞ አድማሱን ማየት ይረዳል። ረጅም እጅጌ፣ የሚታሰር ባርኔጣ፣ ነጸብራቅ የሚቆርጥ መነጽር፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ።

ምሳው አብዛኛውን ጊዜ ሳንድዊችና ፍራፍሬ ነው። ሐላል ማግኘት በዚያ ጠረፍ አያስቸግርም፤ የጾም ምግብ ግን ከዋዜማው ካልተነገረ ዶሮ ተሸክመው ይመጣሉ።

ለሠራተኞቹ ከኪራዩ አሥር በመቶ ያህል ጉርሻ የተለመደ ነው፤ ለረዳቶቹም እንዲደርስ በካፒቴኑ እጅ በሁሉም ፊት ይሰጥ። የሚበላውን ዓሣ በተመለከተ ልማዱ ከጀልባ ጀልባ ይለያያል፤ አንዳንዱ ሁሉንም ለጀልባው ያስቀራል፣ አንዳንዱ ለእራት የሚሆነውን ይሰጣል፤ ይህም በውሉ ይግባ። ዶራዶ ወይም ቱና ከደረሳችሁ ረዳቱ እዚያው ይበልትላችኋል፣ ሆቴሉም ይጠብስላችኋል። ወደ ጅማ በበረዶ ይዞ መምጣት ግን አይታሰብ፤ የሦስት ሰዓት ሙቀት፣ ሁለት በረራና አንድ የአዲስ አበባ አዳር አለበት። ጅማ ሆኖ ዓሣ መብላት ላማረው ቆሮሶ ከግልገል ጊቤ ይገኛል፤ እሱ ደግሞ ቀብድ አይጠይቅም።