ልጄን ከመጽሐፍ ጋር ላስታረቀችልኝ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

በምንሄድበት ቤተ መጻሕፍት፣ የሕጻናት ክፍል ውስጥ የምትሠራ አንዲት እህት አለች። ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ ስሟን አልጽፍም። ካነበበችው ግን ራሷን ታውቃለች።

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ብዙም አያወራም ነበር። የፈለገውን በጣቱ ያሳያል፣ "እእ" ይላል፣ እኔም ወዲያው አንስቼ እሰጠዋለሁ። መጽሐፍ አነብለት ነበር፣ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳላስቀር፣ ገጽ ሊገልጥ እጁን ሲሰድ "ቆይ፣ አልጨረስኩም" እያልኩ ነው። ትንሽ ይቆይና ከጭኔ ወርዶ ይሄዳል። በቃ መጽሐፍ አይወድም ብዬ ደምድሜ ነበር።

አንድ ቀን ይቺ ሴት መጥታ "እስቲ እኔ ልሞክር?" አለችና አጠገባችን ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ጽሁፉን አንድ መስመር እንኳ አላነበበችም። ውሻው ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ "ይሄ ምንድን ነው ማሙሽዬ?" አለችው። ከዚያ ዝም። እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ። በሆዴ እስከ አምስት ቆጠርኩ፣ እንዴት እንደሚረዝም! "ው!" አለ። "አዎ፣ ውሻ! ጭቃ የነካው ውሻ" አለችው። ፊቷን አየ፣ መጽሐፉን አየ፣ ከዚያ "ውቻ" አለ። እንባዬ መጣ።

ዘዴው የራሷ እንዳልሆነ ነግራኛለች። ግሮቨር ዋይትኸርስት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ወላጆቻቸው ለአንድ ወር ያህል በዚህ መንገድ ያነበቡላቸው ሕጻናት፣ እንደ ወትሮው ከተነበበላቸው ልጆች በንግግር በወራት ቀድመው ተገኝተዋል። ነገሩ ቀላል ነው። ትጠይቂዋለሽ፣ ትጠብቂዋለሽ፣ ያለውን ተቀብለሽ አንድ ሁለት ቃል ትጨምሪበታለሽ፣ ከዚያ እንደገና እንዲለው ዕድል ትሰጪዋለሽ። "ውቻ" ሲል "እንደሱ አይባልም" አይባልም፣ አንቺ አስተካክለሽ ማለት ብቻ ነው። ፈተናም እንዳይመስለው፣ ሁሉንም ገጽ መጠየቅ የለብሽም። ያንኑ መጽሐፍ ደጋግሞ ሲያመጣ አትሰልቺ ያለችኝን በተለይ አልረሳም፣ ቃሉ የሚገባው በድግግሞሹ ነው። ጽሁፉ በማትችዪው ቋንቋ ቢሆን እንኳ ሥዕሉን በራስሽ ቋንቋ ማውራት ትችያለሽ። ይሄን ብዙ ወላጅ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ሌላም ያከበርኩላት ነገር አለ። "እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አያይዞ ካልተናገረ ለሕጻናት ሐኪም አሳዪው፣ ጆሮውም ይታይ" አለችኝ። ጊዜ አላባከንኩም፣ ወሰድኩት፣ መስማቱ ደህና ነው ተባልኩ። መጽሐፉ ምርመራን አይተካም።

ስለዚህ ትንሽ ልጅ ያላችሁ፣ አቅራቢያችሁ ቤተ መጻሕፍት ካለ የሕጻናት ክፍሉን ሠራተኛ ጠጋ ብላችሁ "እንዴት ላንብብለት?" በሏት። እኔ መጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውሱት ብዬ ስንት ወር አልፎኛል።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን ራሱ ዘጋና "ውቻ ተኛ" አለ። ሁለት ቃል! ቅዳሜ እንመጣለን፣ ራሱ ይነግርሻል።