ባለ አራት እግሩ ዎከር፦ ለደሴ ቤትና ለደሴ ዳገት

ከሕክምና ዕቃ መሸጫ የሚገዛው የተለመደው ዎከር (በሁለት እጅ ይዘው የሚራመዱበት መደገፊያ) ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ የሚታጠፍና ቀላል ነው። ቤተሰብ የሚገዛው እናቱ እንዳይወድቁበት ነው፤ ተገቢ ነው። እኛ ግን ዕቃውን የመዘንነው እማማ ይዘውት የት የት መድረስ እንደሚችሉ በማየት ነው።

ቁመቱ ከተስተካከለ ቤት ውስጥ፣ በአስፋልትና በደረቅ ሜዳ ላይ በጣም ጥሩ ነው። የዘወትር ጫማቸውን አድርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ወደ ታች ይልቀቁት፤ መያዣው የእጅ አንጓቸው መታጠፊያ ጋ መድረስ አለበት። ሲይዙት ክርናቸው በትንሹ ይታጠፋል። ዎከሩ ከፍ ካለ ትከሻ ያሳምማል፣ ዝቅ ካለ ያጎብጣል፤ የጎበጠ ሰው ደግሞ ወደ ፊት ለመደፋት ቅርብ ነው። የአራቱም እግሮች ቁልፍ እኩል ቀዳዳ ላይ መግባቱን በጣት ነክታችሁ አረጋግጡ። የመጸዳጃ ቤቱን በር ስፋት ሳትለኩ አትግዙ።

ሲራመዱ ዎከሩ አንድ እርምጃ ይቀድማል፣ አራቱም እግሮች መሬት ይይዛሉ፣ ከዚያ የሚያምመው እግር፣ በመጨረሻ ደህናው። ከመቀመጫ ሲነሱ ዎከሩን መሳብ የለባቸውም፤ ይገለበጥባቸዋል። የወንበሩን ክንድ ተጭነው ይነሡና ከዚያ ይያዙት። ከዱካ ላይ መነሣት ከመራመዱ ስለሚብስ ክንድ ያለው፣ ጉልበታቸው ድረስ ከፍ ያለ ወንበር አብሮ ይገዛ።

የሚያዳግተው የደሴ መንደር ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ቁልቁለት ኮብልስቶን ላይ የዎከሩ እግር በድንጋዮቹ መካከል ይሰነቀራል፤ ከፊት ተሽከርካሪ ጎማ ያለው ዓይነት ደግሞ ሰውየውን ጥሎ ይሮጣል። ቤት ውስጥም ሊሾ ላይ የፈሰሰ ውሃና ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጤማ ያንሸራትታሉ። ቄጤማው ይቅር አንልም፤ መተላለፊያውን ብቻ ባዶ ተዉላቸው። የእግሩ ላስቲክ ጥርሱ ሲላጭ ወዲያው ይቀየር።

ከዕቃው ይበልጥ የሚያሳስበን አጠቃቀሙ ነው። ዎከር ተገዝቶ «እማማ፣ እንግዲህ ከቤት እንዳይወጡ» የሚባልበት ቤት አለ። ተቀምጦ የሚውል ሰው ግን ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጤነኛ አረጋውያን እንኳ 10 ቀን አልጋ ላይ ሲውሉ የእግራቸው ሥጋ በግልጽ ይቀንሳል። መከልከሉ ራሱ ለሚቀጥለው ውድቀት ያዘጋጃል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሮበርት ፐርስኪ ከልክ ያለፈ ጥበቃ ክብርን እንደሚነካ በ1972 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስላለባቸው ሰዎች ነበር፤ ለእናቶቻችንም ይሠራል።

ስለዚህ መጀመሪያ «እማማ፣ የግድ የማይቀርብዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጁምዓ ነው ካሉ አደጋው የቱ ጋ እንዳለ ለዩ፤ ሶላቱ ላይ አይደለም፣ ዳገቱና ውዱኡ (ከሶላት በፊት ያለው መታጠብ) ላይ ነው። ውዱኡ ቤት፣ ተቀምጠው ይሁን። ባጃጅ እስከ ደጅ ይምጣ፣ ዎከሩ ታጥፎ ይጫን፤ ሰው ሳይበዛ ደርሰው ዳር ላይ ወንበር ይያዙ። ቡና ማፍላት ካሉ ጀበናው ከግማሽ በታች ይሞላ፣ ከሰሉን ሌላ ሰው ያንሣ።

የሚቀረውን አደጋ ሳታለሳልሱ ንገሯቸው፦ ሊወድቁ ይችላሉ፣ ዳሌ ከተሰበረ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ተረድተው «እሄዳለሁ» ካሉ ውሳኔው የእሳቸው ነው። ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን ይስማሙ፤ አለዚያ እዚህ ያለው ሲፈቅድ ዓረብ አገር ያለችው በስልክ ትከለክላለች። አዲስ የማዞር ስሜት ከመጣ፣ ወይም መንገድ መርሳት ከጀመሩ፣ ሐኪም አይቷቸው ስምምነቱ እንደገና ይታይ። ያኔም ቢሆን ሁሉንም መከልከል አይገባም፤ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ይጨመር።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ለሚኖር ያለ ማመንታት ይገዛ። ደሴ ዳገት ላይ ላለ ዎከሩ ለቤት ይሁን፤ ለውጭ የሰው ክንድና ላስቲክ ያለው ምርኩዝ ይሻላል። ምርኩዙ ከሚያምመው እግር በተቃራኒው እጅ ይያዝ።