መድኃኒቱ ደብዳቤ አይጠብቅም

ኮምቦልቻ፣ ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ልጅ እሁድ በማለዳ በሬን አንኳኳች። የደረሰባትን አልጽፍም፤ የእሷ ነው። ከጾታዊ ጥቃት በኋላ ስለሚሰጠው ሕክምና እንድጽፍ ግን ፈቅዳለች፤ እንዲያውም «ካርድ ክፍሉን እንዳይረሱት፣ እትዬ» ብላኛለች።

ከእሱ ልጀምር። ሰፈራችን ካለው ጤና ተቋም ሄደን፣ የካርድ ክፍሉ ሰው ምን ሆና እንደመጣች ወረፋተኛው ሁሉ እየሰማ ጠየቀ። ቀጥሎ «የፖሊስ ደብዳቤ ካላመጣችሁ ካርድ አይወጣም» አለን። ሁለት ሰዓት በከንቱ ባከነ። ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ደሴ ወጣን፤ የሐረጎ ዳገት እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

የጥቃት ተጎጂዎች የሚስተናገዱበት የሆስፒታሉ የአንድ መስኮት አገልግሎት ክፍል እሁድ ዝግ ነው። በሩ ላይ ይህን የሚናገር ወረቀት እንኳ የለም። የድንገተኛ ክፍሏ ተረኛ ነርስ ግን በቅድሚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ «ከደረሰብሽ ስንት ሰዓት ሆነው?» ገና 12 ሰዓት አልሞላውም ነበር። «አብሽሪ፣ በጊዜ መጥተሻል» አለቻት። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ እስከ ሦስተኛው ቀን ይቆያል ማለት ግን አይደለም፣ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። ስለ ደብዳቤው ስነግራት «መድኃኒቱ ደብዳቤ አይጠብቅም» አለችና ደሟን መርምራ የመጀመሪያውን ክኒን እዚያው አስዋጠቻት። የእርግዝና መከላከያውን፣ የአባላዘር በሽታ መድኃኒቱንና የመጀመሪያውን የጉበት ቫይረስ ክትባትም ያኔውኑ ሰጧት።

ሰኞ የተከፈተው ክፍል ግሩም ነው። ሐኪሟም፣ አማካሪዋም፣ ሴት ፖሊሷም እዚያው ስላሉ ልጅቱ ታሪኳን የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልብሷን በፌስታል ቋጥሬ ይዤ ነበር። እርጥበት አፍኖ ማስረጃውን ያበላሻል ብለው ወደ ወረቀት ከረጢት አዛወሩት። እንኳንም አላጠብኩት! አንድ ብር አልከፈልንም።

ቅሬታ ካላችሁኝ፣ መድኃኒቱን የሰጡን በሁለት ጊዜ ነው። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ለዚያች ተጨማሪ ጉዞ የመኪና ገንዘብ ከየት ያመጣል? ክኒኑ በቀን አንድ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያቅለሸልሻት ስለነበር ቁርስ ሳትበላ አልሰጣትም ነበር። ትናንት 28ኛውንና የመጨረሻውን ዋጠች። የደም ምርመራው በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ይደገማል።

የካርድ ክፍሉን ነገር ለኃላፊው ሄጄ ነግሬዋለሁ። «እናየዋለን» ብሎኛል።