የአባቱ ሱፍ ለልጁ ደረሰ፤ ምስጋና ለልብስ ሰፊያችን

ልጃችን ለምረቃው አባቱ በሠርጋችን ዕለት የለበሰውን ግራጫ ሱፍ ካልለበስኩ አለ። ኮቱ ልክ ሆነለት። ሱሪው ግን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀረ፤ በቁመት አባቱን በልጦታል። መጀመሪያ የሄድንበት ስፌት ቤት ሱሪውን ገልጦ እንኳን ሳያይ «ማስረዘም ይቻላል፣ የድሮው እጥፋት ግን አይጠፋም» ብሎ መለሰን። ያን ጊዜ ነው ጎረቤታችን ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናቸው ወደ ፈለግሁት አዛውንት ልብስ ሰፊ የላከችን።

ጋሼ ሜትራቸውን ከማንሳታቸው በፊት ሱሪውን ገልብጠው ቅምቅማቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አለው፤ የድሮ ሰፊ በጨርቅ አይሰስትም» አሉ። የሚያስፈልገን 4 ነበር። ቢሆንም እሺ ብለው አልተቀበሉኝም። በውስጥ በኩል ጥቂት ስፌት ተርትረው እጥፋቱን ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ። «የጨርቁ ክር ካልተበላ መስመሩ ይለቃል፤ ከተበላ ግን ማንም አይመልሰውም። ይህኛው አልተበላም» አሉኝ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተስፋውንም ስጋቱንም እንዲህ በግልጽ የሚነግር ባለሙያ እንደ እርሳቸው አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አጠገባቸው ቆሜ ተመለከትሁ። ስፌቱን በሙሉ ከተረተሩ በኋላ ካውያ አላነሡም፤ በእጥፋቱ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመውን አቧራ በብሩሽ አራገፉ። አቧራው ሳይወጣ ከተተኮሰ ሙቀቱ እዚያው ያጸናዋል አሉ። ቀጥሎ ነጭ ኮምጣጤ በውኃ አቅጥነው፣ ቀለሙን እንዳይለቅ ከውስጥ ሞክረው፣ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃው ነክረው ጨመቁና መስመሩ ላይ ዘረጉት። ካውያውን እየጎተቱ አልተኮሱም፤ እያነሡ እየጫኑ እንፋሎቱን ወደ ውስጥ አስገቡት። ጨርቁ ትኩስ እያለ ደረቅ ጣውላ ጫኑበትና እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ደጋግመው እንዲሁ ካደረጉ በኋላ መስመሩን ፈልጌ አጣሁት። ሱፍ ለእንፋሎት ይታዘዛል፤ ባለ ፖሊስተር ጨርቅ ግን በሙቀት የያዘውን እጥፋት በቀላሉ አይለቅም አሉኝ።

የቀረው አንድ ሴንቲ ሜትር ለማጠፍ አይበቃም ነበር። ስለዚህ በጠርዙ ላይ ከገበር ጨርቅ የተቆረጠ ቅጥያ ሰፍተው ወደ ውስጥ አጠፉት፤ ከዚያም በእጃቸው፣ በውጭ በኩል ክር በማይታይ ስፌት ቀመቀሙት።

አብሬ የወሰድሁትን የልጄን ጅንስ ግን መለሱልኝ። በእጥፋቱ ላይ የነጣው ቀለም ራሱ ስለተፋቀ በካውያ አይመለስም፤ «ገንዘብሽን አልበላም፣ ልጄ» አሉኝ። ያልቻሉትን አልችልም ማለታቸው ለእኔ ከስፌቱ እኩል ዋጋ አለው።

እርሳቸው ዘንድ የምትሄዱ ሰዎች፣ ከሱሪው ጋር የምታደርጉትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ርዝመቱን ያለ ጫማ አይለኩም። ቤት ውስጥ አስቀድማችሁ አትተኩሱት። ቅዳሜ ወረፋ ስለሚበዛ በሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እልክላችኋለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ልጃችን ያንን ሱፍ ለብሶ ተመርቋል፤ አባቱም ከፎቶግራፉ ላይ ዓይኑን መንቀል አልቻለም።