በፈረንጆች ገና ዊንዘርንና ባዝን ለመጎብኘት ላሰባችሁ፦ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትክፈሉ

ከለንደን ወደ ቨርጂንያ ከተዛወርኩ 11 ዓመት ቢሆነኝም እናቴ ያሉት ያደግሁበት ሰፈር ስለሆነ በየሁለት ዓመቱ እመለሳለሁ። ዘንድሮ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረበትን የዊንዘር ቤተ መንግሥት ላሳያቸው ብዬ፣ ዊንዘርን፣ ስቶንሄንጅ የተባሉትን ጥንታዊ የቆሙ ድንጋዮችና የባዝን ከተማ በአንድ ቀን የሚያስጎበኝ የዲሴምበር 25 ጉዞ ለሁለታችን በ238 ፓውንድ ገዛሁ።

በዚያ ቀን ለንደን ውስጥ ባቡርም የከተማ አውቶቡስም ስለማይሠራ እስከ መነሻው ድረስ ለታክሲ 46 ፓውንድ ከፈልን። እኔ በምኖርበት አካባቢ በገና ቀንም ሜትሮው ስለሚሠራ ይህን ወጪ አላሰብኩትም ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሊነሳ የነበረው ተሽከርካሪ የመጣው 2 ሰዓት ከ25 ላይ ሲሆን፣ የሰባ ሁለት ዓመት እናቴ ይህን ሁሉ ጊዜ በብርድ ቆመው ሲጠብቁ ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ዊንዘር ስንደርስ አስጎብኚው ቤተ መንግሥቱ ዛሬም ነገም ለጎብኚ ዝግ እንደሆነ፣ ከውጭ ፎቶ ለማንሳት 40 ደቂቃ እንዳለን ነገረን። ገንዘባችንን የተቀበሉን ሰዎች ይህን እያወቁ የቤተ መንግሥቱን ስም በማስታወቂያቸው አናት ላይ አስፍረዋል፤ ስጠይቀውም በገና መዘጋቱን ሁሉም ሰው እንደሚያውቅ መለሰልኝ። የአገሩ ሰው ያውቅ ይሆናል፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ግን የተጻፈለትን ነው የሚያምነው። እናቴ ነጠላቸውን አስተካክለው በግንቡ ፊት ቆመው ጸለዩ፤ እኔ ግን ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። ቅሬታዬን በጽሑፍ አቅርቤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያገኘሁት ምላሽ ለሚቀጥለው ጉዞ የ10 ፓውንድ ቅናሽ ብቻ ነው።

ምሳውም ከዋጋው ጋር የታሰበ ነበር። እናቴ ጾመ ነቢያትን እየጾሙ ስለነበር ሥጋም ቅቤም ወተትም እንደማይነኩ አስቀድሜ ብጽፍም የቀረበላቸው በቅቤ የተሠራ ድንች ስለሆነ ደረቅ ዳቦ በሻይ በልተው ዋሉ። ስቶንሄንጅም ዝግ ስለነበር ድንጋዮቹን ከመንገድ አይተን አለፍን።

ባዝ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው፤ በዚህ ወቅት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች። የሮማውያኑ መታጠቢያም ተዘግቶ ነበር። ነገር ግን እዚያ የተቀበለችን የከተማዋ አስጎብኚ ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ስታውቅ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የስደት ዘመናቸውን ስላሳለፉበት ፌርፊልድ ሀውስ፣ ቤቱንም እ.ኤ.አ. በ1958 ለከተማዋ ስለ መስጠታቸው በአክብሮት አስረዳችን። ሹፌሩም በመርሐ ግብሩ ውስጥ ባይኖርም የተቀሩትን መንገደኞች አስፈቅዶ በቤቱ በኩል አሳለፈን። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ በራሳችን ከዋተርሉ ባቡር ተሳፍረን ወደ ዊንዘር ተመለስን። ቤተ መንግሥቱ ማክሰኞና ረቡዕ፣ በግቢው ውስጥ ያለው፣ የልዑሉ መታሰቢያ የሚገኝበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እሑድ ለጎብኚ ስለሚዘጋ ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ላረፈው ልዑል መታሰቢያ በቆመው የነሐስ ሰሌዳ ላይ ያለውን የወንጌል ቃል ለእናቴ መተርጎም ስጀምር፣ «እንግዳ ሆኜ…» እንዳልኩ እርሳቸው «…ተቀብላችሁኛልና» ብለው ጨረሱልኝ።